በወባ ጊዜ ስለ ኢሚዩን ኮምፕሌክስ መወገድ ሲታሰብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የወባ ተሕዋሲ ቀይ የደም ሕዋስን ሰብሮ በወጣ ቁጥር ፕሮቲኖቹ በደም ውስጥ ይበተናሉ፤ ፀረ እንግዳ አካላትም ከእነርሱ ጋር ተጣብቀው ኢሚዩን ኮምፕሌክስ የተባለውን ጥምረት ይፈጥራሉ። ይህ ጥምረት በጊዜው ከደም ካልተወገደ ሕብረ ሕዋሳት ላይ አርፎ ብግነት ያስነሣል።

የመጀመሪያውና ሌሎቹን ሁሉ የሚወልደው ስህተት ቀይ የደም ሕዋስን ኦክስጅን አመላላሽ ብቻ አድርጎ መቁጠር ነው። ሕዋሱ በገጹ ላይ ሲአር1 የሚባል ተቀባይ ፕሮቲን አለው፤ ኮምፕሌመንት ከሚባሉት የሰውነት መከላከያ የደም ፕሮቲኖች የሚገኘው ሲ3ቢ የተለጠፈበት ጥምረት በዚህ ተቀባይ ይያዝና ወደ ጉበትና ወደ ጣፊያ ይወሰዳል። እዚያ ያሉት ማክሮፋጆች የተባሉ ዋጭ ሕዋሳት ጥምረቱን ገፍፈው ይውጡታል፣ ቀዩ ሕዋስም ወደ ደም ዝውውር ይመለሳል። በአንድ ቀይ ሕዋስ ላይ ያለው ሲአር1 በነጭ ሕዋስ ላይ ካለው እጅግ ያነሰ ቢሆንም፣ ቀያዮቹ በቁጥር ስለሚበልጡ በደም ውስጥ ያለው አብዛኛው ሲአር1 የሚገኘው በእነርሱ ላይ ነው። ስለዚህ ወባ ደም ሲያሳንስ የማጽዳት አቅምንም አብሮ ያሳንሳል።

ሁለተኛው ስህተት የደም ማነሱን መጠን በተሕዋሲው ብዛት ብቻ ለመግለጽ መሞከር ነው። በወባ ተሕዋሲ የያዛቸው ሕዋሳት ብቻ ሳይሆኑ ያልያዛቸውም በብዛት ይጠፋሉ። በምዕራብ ኬንያ ፋልሲፓረም በተባለው የወባ ዝርያ ምክንያት ብርቱ የደም ማነስ በደረሰባቸው ሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ በቀይ ሕዋሶቻቸው ላይ ሲአር1 እና ሕዋሱን ከኮምፕሌመንት ጥቃት የሚጠብቀው ሲዲ55 ቀንሰው መገኘታቸውን አሳይተዋል። እነዚህ ሲጓደሉ ሕዋሱ ጥምረቱን የመሸከም አቅሙ ይዳከማል፣ ራሱም ለማክሮፋጅ ሲሳይ ይሆናል። በአጉሊ መነጽር ጥቂት ተሕዋሲ የታየበት ሕፃን ደሙ እጅግ ወርዶ ሲገኝ ውጤቱን ከመጠራጠር በፊት ይህን ማስታወስ ይገባል።

ከዚህ ተነሥቶ የሲአር1 ማነስ ሁልጊዜ ጉዳት ነው ብሎ መደምደምም ሌላ ስህተት ነው። ተሕዋሲው ያለባቸው ሕዋሳት ጤነኞቹን በዙሪያቸው የሚሰበስቡት በከፊል በሲአር1 በኩል ሲሆን፣ ይህ ክምችት ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይዘጋል። በፓፑዋ ኒው ጊኒ የተደረገ ጥናት በውርስ የሲአር1 መጠናቸው ያነሰ ሰዎች ከከባድ ወባ የተሻለ ጥበቃ እንዳላቸው አመልክቷል። በውርስ የመጣን ማነስና በሕመሙ ሂደት የደረሰን መመናመን ለይቶ ማየት ግድ ነው።

ያበጠ ጣፊያን የጠንካራ ጽዳት ምልክት አድርጎ መውሰድም የተለመደ ነው። ማክሮፋጆች ተሕዋሲው ሄሞግሎቢንን ፈጭቶ የሚተወውን ሄሞዞይን የተባለ ጥቁር ቅሪት ሲውጡ ዳግመኛ የመዋጥ ችሎታቸው ይዳከማል። በወባ በተደጋጋሚ በሚጠቁ ሰዎች ላይ በሚታየው ከልክ ያለፈ የጣፊያ እብጠትም አይጂኤም የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ከመጠን በላይ ይመረታል፤ የጣፊያው ማደግ ከዚህ ጭነት ጋር የተያያዘ ነው። የፀረ እንግዳ አካል መብዛትም በራሱ መከላከያ አይደለም፤ በወባ ጊዜ የመገጣጠሚያ በሽታን ለመለየት የሚደረገው የሩማቶይድ ፋክተር ምርመራ ያለ መገጣጠሚያ በሽታ ፖዘቲቭ ሊሆን የሚችለው ፀረ እንግዳ አካላትን የሚያመርቱት የቢ ሕዋሳት ያለ ምርጫ ስለሚነቃቁ ነው።

የኩላሊት ጉዳትን በተመለከተ ዝርያዎቹን መቀላቀል አይገባም። በፋልሲፓረም ወባ በጥምረት ክምችት የሚመጣው የኩላሊት ብግነት ብዙውን ጊዜ ቀለል ያለና ከሕክምና በኋላ የሚመለስ ነው። በናይጄሪያና በኡጋንዳ ሕፃናት ላይ በሰፊው የተጠናው፣ ፕላዝሞዲየም ማላሪዬ ከተባለው ሌላ የወባ ዝርያ ጋር የተያያዘው ሕመም ግን የተለየ ነው፤ ፊትና እግር ያብጣል፣ ፕሮቲን በሽንት ይፈስሳል፣ ተሕዋሲው በመድኃኒት ከጠፋ በኋላም ጉዳቱ ሊቀጥል ይችላል። ቫይቫክስ የተባለው ዝርያ ከፋልሲፓረም ጎን ለጎን በሚገኝባት በኢትዮጵያም የኬንያን ግኝት ቀጥታ ወደ ቫይቫክስ ማዛወር አይቻልም፤ ቫይቫክስ የሚመርጠው ገና ከቅልጥም የወጡትን፣ ሲአር1 ከአሮጌዎቹ ይልቅ የበዛባቸውን ወጣት ሕዋሳት ነውና።