የአረጋውያን የማስታወስ ፈተና፦ ነጥብ ከመስጠታችሁ በፊት

አዳማ ላይ አንዲት የ75 ዓመት እናት «ያለንበት ከተማ ማን ይባላል?» ተብለው «ናዝሬት» ካሉ ሙሉ ነጥብ ይገባቸዋል። ዜሮ ከሰጣችኋቸው የተሳሳታችሁት እናንተ ናችሁ። እንዲህ ያለ ስሕተት ሦስት አራት ጊዜ ከተደጋገመ ጤነኛ ሰው «የመርሳት ሕመም» የሚል ወረቀት ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከጤናው ጀምሩ። ግራ መጋባቱ በቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ ከሆነ ፈተናውን ተዉት፤ ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት ወይም የመድኃኒት ጉዳት ሊሆን ስለሚችል በቶሎ ሐኪም ይያቸው። ካልሆነ አምስት ደቂቃ አስቀምጣችሁ ግፊታቸውን ለኩ። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ስኳራቸውንም ለኩ። ከ70 ሚ.ግ/ዴ.ሊ. በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድገሙ፤ ፈተናው ለሌላ ቀን ይቆይ። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ያልቀመሰን ሰው ከሰዓት በኋላ መፈተን ትርፉ ድካም ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ይሻላል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል አምጡ በሏቸው፦ አሚትሪፕቲሊን፣ ዳያዜፓም፣ የሚያስተኛ የጉንፋን መድኃኒት ሁሉም ትውስታን ያደበዝዛሉ። መነጽራቸውን ያድርጉ። ጆሯቸው በኩክ ተደፍኖ እንደሆነ እዩ። ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ፤ መጮህ ቃሉን ያበላሸዋል እንጂ አያሰማም። ወንጂ አካባቢ ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውሃ ለዓመታት ጠጥተው መገጣጠሚያቸው የደረቀ አረጋውያን ሊገጥሟችሁ ይችላሉ፤ በፈተናው የሚስሉት ስዕል ቢጣመም መጀመሪያ እጃቸውን ተመልከቱ።

ቋንቋውን ለመምረጥ «አማርኛ ይችላሉ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ በትሕትና «አዎ» ይሏችኋል። «ገንዘብ ሲቆጥሩ በምን ቋንቋ ይቆጥራሉ?» በሏቸው። በአፋን ኦሮሞ ከሆነ ፈተናው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዚያው ይሁን፤ አስተርጓሚው ደግሞ ልጃቸው አይሁን። ልጅ እናቱ ስትሳሳት ማየት ስለማይችል መልሱን በጥያቄው ውስጥ ሸጉጦ ያቀብላል።

ትምህርትን «ስንተኛ ክፍል ደረሱ?» በሚል ብቻ አትለኩ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የለዩ፣ ቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ ወይም ቁርአን የቀሩ ብዙ ናቸው። አጭር ጽሑፍ ሰጥታችሁ ያንብቡላችሁ።

ከጥያቄዎቹ ተንኮለኛው ሰዓት መሳል ነው። «አምስት ሰዓት ከአስር» ስትሉ አንዱ አጭሩን ዘንግ 11 ላይ፣ ሌላው 5 ላይ ያደርገዋል፤ እኛ ሀገር ሁለቱም ትክክል ነው። ሰዓት አስረው ለማያውቁ ሰው ግን ይህ ጥያቄ ስለ አእምሯቸው የሚነግራችሁ ነገር ጥቂት ነው። ቀኑን «ዛሬ ሚካኤል ነው» ብለው ከመለሱ 12 ማለታቸው ነው፤ ሙስሊም አባት በሂጅራ ቢቆጥሩም አመሳክራችሁ ተቀበሉ። እንግሊዝኛው ፈተና WORLD የሚለውን ባለ አምስት ፊደል ቃል ወደ ኋላ ያስቆጥራል፤ «ዓለም» ብላችሁ ብትተረጉሙት ሦስት ፊደል ብቻ ስለሆነ አምስት ነጥብ አይወጣውም። «በ‹ፈ› የሚጀምሩ ቃላት» የሚለውም «ፉ» እና «ፊ» ይቆጠራሉ ወይ የሚለው አስቀድሞ ካልተወሰነ ከፈታኝ ፈታኝ ይለያያል። በደቂቃ ውስጥ የእንስሳት ስም ማስጠራት ይሻላል፤ ያው እንስሳ በሁለት ቋንቋ ቢጠራ አንድ ጊዜ ብቻ ቁጠሩት።

ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ ሩዳስ (RUDAS) የተባለውን ፈተና ውሰዱ። ለተለያየ ባህልና ቋንቋ ታስቦ አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ ሲሆን ከ30 ይታረማል፤ 22 እና ከዚያ በታች ተጨማሪ ምርመራ ይጠይቃል። ሻይ፣ ዘይት፣ እንቁላል፣ ሳሙና የሚለው የገበያ ዝርዝሩ እኛም ቤት ያለ ነው። የእግረኛ መሻገሪያም መብራትም የሌለውን መንገድ እንዴት ይሻገራሉ የሚለውን ጥያቄ ደግሞ በባጃጅ መሐል የኖረ የአዳማ ሰው ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

የብሔር ማስተካከያ፣ ማለትም ለየብሔሩ የተለየ መመዘኛ፣ ግን አትፍጠሩ። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር አረጋውያን በእነዚህ ፈተናዎች ከነጮች በአማካይ ዝቅ ያለ ነጥብ ያመጡ ነበር። የተማሩት ትምህርት ጥራት በንባብ ችሎታ ተለክቶ ሲታሰብ ልዩነቱ በእጅጉ ጠበበ፤ የደም ግፊትና የስኳር ሕመምም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ለጥቁሮች የተለየ መመዘኛ ማውጣት ሌላ በደል አመጣ፦ በአሜሪካን ፉትቦል ሊግ (NFL) የጭንቅላት ጉዳት ካሳ ላይ ጥቁር ተጫዋቾች ከዝቅተኛ ደረጃ እንደተነሱ ስለሚቆጠር መጎዳታቸውን ማስረዳት ከበዳቸው። ሊጉ ይህን አሠራር ለመተው የተስማማው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው።

ነጥቡ ዝቅ ካለ ቤተሰቡን ለብቻው ጠይቁ፦ ወጥ ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ይጨምራሉ? ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ሲመለሱ መንገድ ይጠፋባቸዋል? የብር መልስ ያምታታቸዋል? የኑሮው ሥራ ካልተቃወሰ ነጥቡ ብቻውን ሕመም አይባልም። ሐኪሙ የቫይታሚን ቢ12፣ የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራ እንዲያዝ፣ ድባቴም እንዲያይ ላኳቸው። በምትልኩት ወረቀት ላይ ከነጥቡ ጎን ቋንቋውን፣ ትምህርቱን፣ ሰዓቱን፣ የስኳርና የግፊት ልኩን፣ መነጽር ማድረግ አለማድረጋቸውን፣ እናንተ የቀየራችሁትንም ጥያቄ ጻፉ፤ ከስድስት ወር በኋላ የሚፈትናቸው ሰው የሚያነጻጽረው ከዚሁ ጋር ነው።