ሠራተኞች በኮቪድ ሲታመሙ፦ ትምህርት ቤት በመዝጋትና መልሶ በመክፈት ረገድ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ኦሚክሮን የተባለው የኮሮና ቫይረስ ዝርያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 መጨረሻ ከታወቀ በኋላ በነበሩት ሳምንታት፣ በበርካታ አገሮች የሚገኙ ትምህርት ቤቶች ብዙም ያልተዘጋጁበት ችግር ገጠማቸው። በ2020 ትምህርት ቤቶች የተዘጉት መንግሥታት ሥርጭቱን ለመግታት ባወጡት ትእዛዝ ነበር። በ2022 መጀመሪያ ላይ ግን እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሳይኖር፣ አብዛኞቹ ተማሪዎችም ለመማር ዝግጁ ሆነው ሳለ፣ የሚያስተምራቸው፣ የሚያጓጉዛቸውና ምግባቸውን የሚያዘጋጅላቸው ሰው በመታጣቱ ብቻ የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። እንዲህ ያለው መዘጋት ለወላጅ ድንገተኛ ይመስላል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ቀደም ባሉት ሳምንታት በተወሰኑ ወይም ሳይወሰኑ በታለፉ ጉዳዮች ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት ስህተቶችም በአመዛኙ ሊታረሙ የሚችሉት በሽታው ወደ ግቢው ከመግባቱ በፊት ነው።

ሁለት ዓይነት መዘጋትን አንድ አድርጎ ማየት

ትምህርት ቤት ሥርጭትን ለመግታት ሲዘጋና የሰው ኃይል በመጉደሉ ሲዘጋ በሩ ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ዓላማ ሰዎች እንዳይገናኙ ማድረግ ስለሆነ የሚቆይበት ጊዜ የሚወሰነው በበሽታው ሁኔታ ነው። ሁለተኛው የሚያበቃው በቂ ጤነኛ ሠራተኛ ወደ ሥራ ሲመለስ ነው፤ በመሆኑም ከአንድ ክፍል ወይም ከአንድ ፈረቃ ላያልፍ፣ ከሁለትና ከሦስት ቀንም ላይበልጥ ይችላል። ይህን ልዩነት ያልለየ አመራር የአንደኛ ክፍል መምህራን በመታመማቸው ምክንያት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ጭምር ለሁለት ሳምንት ወደ ቤት ይሰዳል፤ አለበለዚያም በተቃራኒው፣ በሽታው በሠራተኞች መካከል በፍጥነት እየተዛመተ መሆኑን እያየ ጉዳዩን እንደ ተራ መቅረት ቆጥሮ ያልፈዋል።

የመዝጊያውን መስፈርት ለዕለቱ ማለዳ መተው

በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ይመስለኛል። ማለዳ የርዕሰ መምህሩ ስልክ መጮህ ይጀምራል፤ አንዲት መምህርት ትኩሳት እንዳላቸው፣ ሌላው የምርመራ ውጤታቸው ፖዘቲቭ እንደሆነ፣ ሦስተኛው የታመመ ልጃቸውን የሚይዝላቸው እንደሌለ ይናገራሉ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ዘርግተው መምህር የሌላቸውን ክፍለ ጊዜዎች አንድ በአንድ በእርሳስ ያከብባሉ፤ ይህ ሲሆን ተማሪዎች በር ላይ ደርሰዋል። በዚህ ሰዓት የሚሰጥ ውሳኔ፣ ሰጪው የቱንም ያህል ልምድ ቢኖረው፣ የጭንቀት ውሳኔ ነው።

መስፈርቱ አስቀድሞ በጽሑፍ መቀመጥ አለበት፤ ሲቀመጥ ግን በመቶኛ ብቻ መሆን የለበትም። ከ40 መምህራን 5ቱ ቢቀሩና ከአምስት የተለያዩ ክፍሎች ቢሆኑ ትምህርቱ በመተካካት ሊቀጥል ይችላል፤ አምስቱም ታናናሾቹን ልጆች የሚያስተምሩ ከሆነ ግን ለእነዚያ ክፍሎች ዕለቱ አብቅቷል ማለት ነው። ከመምህራን ውጪ ያሉትንም መቁጠር ያስፈልጋል። የመድኃኒት ክትትል የሚያስፈልገው ተማሪ ባለበት ትምህርት ቤት የነርሷ መቅረት፣ የአካል ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች በሚማሩበት ትምህርት ቤት የረዳቶች መቅረት፣ እንዲሁም የሾፌር፣ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች መቅረት ከመምህራን መቅረት ባልተናነሰ ግቢውን ለመዝጋት ያስገድዳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የሥራ ዓይነት ከዚህ በታች ከወረደ ሥራው በደኅና አይከናወንም የሚባለውን ቁጥር፣ የትኞቹ ክፍሎች ቀድመው ወደ ቤት እንደሚላኩና የትኞቹ እስከ መጨረሻው እንደሚቆዩ፣ ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ቢታመሙ ማን እንደሚወስን በተረጋጋ ሰዓት ጽፎ ማስቀመጥ ይገባል። ይህን ጥያቄ የዘነጋ ትምህርት ቤት ውሳኔ ሰጪ ሲያጣ ችግሩ እጥፍ ይሆንበታል።

የታመመ ሠራተኛ እንዲመጣ ማድረግ

በግልጽ «ታመህም ቢሆን ና» የሚል አመራር ብዙ የለም። ግፊቱ የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው፤ የሕመም ፈቃድ ከደመወዝ ሲያስቆርጥ፣ የቀረ መምህር ሥራው በባልደረቦቹ ላይ እንደሚወድቅ ሲያውቅ፣ ያለመቅረት በግምገማ ላይ እንደ ትጋት ሲቆጠር፣ አፍንጫው የታፈነ ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ራሱን አሳምኖ ወደ ሥራ ይመጣል። የሚያስከትለው ምን እንደሆነ በቅርበት ከተጠኑት ሁኔታዎች አንዱን መመልከት ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 በካሊፎርኒያ ማሪን ካውንቲ በሚገኝ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ክትባት ያልወሰዱ አንድ መምህር የአፍንጫ መታፈንና ድካም ተሰማቸው። አለርጂ ነው ብለው በማሰብ ከመመርመራቸው በፊት ለሁለት ቀናት ሥራ ገቡ፤ ለተማሪዎቻቸው ጮክ ብለው በሚያነቡበት ጊዜም ማስካቸውን ያወልቁ ነበር። ክፍሉ ጥንቃቄ የጎደለው አልነበረም፤ ተማሪዎቹ ማስክ ያደርጉ ነበር፣ ወንበሮቹ ተራርቀዋል፣ መስኮቶች ተከፍተዋል፣ የአየር ማጣሪያም ነበር። ሆኖም ከ24ቱ ተማሪዎች 12ቱ በቫይረሱ ተያዙ። በፊተኞቹ ሁለት ረድፎች ከተቀመጡት 10 ተማሪዎች 8ቱ ሲያዙ፣ ከኋላ ባሉት ሦስት ረድፎች ከተቀመጡት 14 ተማሪዎች የተያዙት 4 ነበሩ። በሽታው ከዚያም ወደ ሌላ ክፍልና ወደ ቤተሰቦች ዘለቀ።

መምህሩን ለመውቀስ ይህን የሚያነሣ ሰው ነገሩን ስቶታል። ቀለል ያለ ስሜት ተሰምቶት ሥራ የገባ መምህር በየትኛውም ትምህርት ቤት ይኖራል፤ ሊጠየቅ የሚገባው መምህሩ ያለ ጭንቀት ቤቱ እንዲቀር የሚያስችል አሠራር ነበረ ወይ የሚለው ነው። ሁለት ቀን ያለ ቅጣት መቅረት የሚችል አንድ ሠራተኛ ለትምህርት ቤቱ አንድ ባዶ ክፍል ያስከትላል፤ መቅረት የማይችል ሠራተኛ ግን ግቢውን ሁሉ ሊያዘጋ ይችላል። የሕመም ፈቃድ ደንብ የሠራተኛ ጉዳይ ተብሎ ከወረርሽኝ ዝግጅት ተለይቶ መታየቱ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከስህተቶቹ ሁሉ ከባዱ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት በአንድ ፈጣን ምርመራ መተማመን ነው። ምልክት በታየ በመጀመሪያው ቀን የተገኘ ኔጋቲቭ ውጤት በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ ቫይረሱ ገና በምርመራው ሊታይ የሚችል መጠን ላይ ያልደረሰ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በኦገስት 2022 ባወጣው ምክር ምልክት ያለበት ሰው በፈጣኑ የአንቲጅን ምርመራ ኔጋቲቭ ቢሆን ከ48 ሰዓት በኋላ እንዲደግመው አሳስቧል። ስለዚህ «ተመርምሬ ነጻ ነኝ» ያለ መምህር ምልክቱ እስካለ ድረስ ወደ ክፍል መግባት የለበትም።

የመምህራን ማረፊያ ክፍልን መርሳት

ጥንቃቄ ሁሉ በተማሪው ላይ ሲያተኩር፣ ሠራተኞች እርስ በርሳቸው የሚገናኙባቸው ቦታዎች ይዘነጋሉ። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት በአንድ የትምህርት አስተዳደር ሥር በነበሩ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ ከዲሴምበር 2020 እስከ ጃንዋሪ 2021 የተደረገ ክትትል በትምህርት ቤት ውስጥ ለተፈጠረው መተላለፍ መምህራን ማዕከላዊ ድርሻ እንደነበራቸው አሳይቷል፤ በአንዳንዶቹ ሁኔታዎችም በሽታው በመጀመሪያ ከመምህር ወደ መምህር የተላለፈው በስብሰባ ወይም በምሳ ሰዓት ሊሆን እንደሚችል ተገምቷል። ነገሩ አያስገርምም፤ በተማሪ ፊት ቀኑን ሙሉ ማስክ ያደረገ መምህር ጠባብ በሆነችው ማረፊያ ክፍል ገብቶ ማስኩን ያወልቃል፣ ይበላል፣ ከባልደረቦቹ ጋር ይጨዋወታል። አንድ የትምህርት ዓይነት የሚያስተምሩት ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስለሚቀመጡ ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሒሳብ መምህራን በሙሉ ሊታመሙ ይችላሉ። በወረርሽኝ ጊዜ ስብሰባን ከቤት ውጭ ወይም በስልክ ማድረግ፣ ምሳን በፈረቃ መብላትና የማረፊያውን መስኮት መክፈት ብዙ ወጪ አይጠይቁም።

በር መክፈትን ከማስተማር ጋር ማምታታት

መምህር ሲጠፋ በሩን ላለመዝጋት የሚደረገው ጥረት ክቡር ነው። በዲሴምበር 2021 የእንግሊዝ የትምህርት ሚኒስትር ናዲም ዛሃዊ ሥራ የለቀቁ መምህራን ወደ ክፍል እንዲመለሱ ጥሪ አቀረቡ። በጃንዋሪ 2022 የአሜሪካዋ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ገዥ ሚሼል ሉጃን ግሪሻም የብሔራዊ ዘብ (የተጠባባቂ ጦር) አባላትና የመንግሥት ሠራተኞች ተተኪ መምህራን እንዲሆኑ ጠየቁ፤ ራሳቸውም ተመዝግበው ክፍል ገብተው አስተማሩ። የእነዚህ እርምጃዎች ዓላማ ትምህርት ቤቶች እንዳይዘጉ ማድረግ ነበር።

ስህተቱ ያለው እንዲህ ያለውን ቀን እንደ ሙሉ የትምህርት ቀን በመቁጠር ነው። ሦስት ክፍሎችን በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ በአንድ ጠባቂ ማስጠበቅ ማስተማር አይደለም፤ በዚያ ላይ በየክፍላቸው ተለያይተው የነበሩትን ልጆች በማቀላቀል ለበሽታው አዲስ መንገድ ይከፍታል። ልጅ እንዲጠብቅ የሚጠራ ማንኛውም ሰው፣ ችግሩ የቱንም ያህል አጣዳፊ ቢሆን፣ ማንነቱና ቀደም ያለ ታሪኩ ሳይጣራ ከልጆች ጋር ብቻውን መተው የለበትም። የተተኪዎችን ዝርዝር በሰላሙ ጊዜ አዘጋጅቶና አጣርቶ ማስቀመጥ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ከአልጋ ላይ የርቀት ትምህርት መጠበቅ

ብዙ ዕቅዶች «ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ትምህርቱ በኢንተርኔት ይቀጥላል» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋሉ። በ2020 ይህ የሚቻልባቸው አካባቢዎች ነበሩ፤ ምክንያቱም ትምህርት ቤት ቢዘጋም መምህሩ ጤነኛ ነበር። በሠራተኞች ሕመም ምክንያት በተዘጋ ትምህርት ቤት ግን በስክሪኑ ላይ መታየት የሚጠበቅበት ሰው ያው ትኩሳት የያዘው መምህር ነው። የሚጠቅመው ለሦስት ወይም ለአምስት ቀናት የሚበቃ፣ ማንኛውም ተተኪ ሊያስረዳውና ተማሪው በራሱ ሊሠራው የሚችል የመልመጃ ጥራዝ በየትምህርት ዓይነቱ አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። ስልክም ሆነ ኮምፒውተር በሌለበት ቤት የሚደርሰው በወረቀት የታተመ ስለሆነ ጥራዙ ታትሞ መገኘት አለበት።

ለወላጆች ዘግይቶና አድበስብሶ መናገር

«በአስቸኳይ ምክንያት ትምህርት የለም» የሚል አጭር መልእክት ወሬን ይጋብዛል። ወላጅ ማወቅ የሚፈልገው የትኞቹ ክፍሎች እንደተዘጉ፣ ለስንት ቀን እንደሚገመት፣ ቀጣዩ መረጃ በስንት ሰዓት እንደሚመጣና ልጁ ከታመመ ሰው ጋር ተገናኝቶ እንደሆነ ነው። ይህን ለመንገር የታመሙትን መምህራን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ስማቸውን ማውጣት የጤና ምስጢራቸውን ከመጣስም በላይ የሚቀጥለው ታማሚ ሕመሙን እንዲደብቅ ያደርጋል። ማታ መገመት የሚቻል ከሆነም ማታ መናገር ይገባል፤ የሚሠራ ወላጅ ማለዳ ላይ ልጁን የሚተውበት ቦታ በቀላሉ አያገኝም።

ኑሯቸው በትምህርት ቤቱ ላይ የተመሠረተውን ልጆች መርሳት

ለአንዳንድ ልጆች ትምህርት ቤት የሚበሉበት ቦታ ነው። በ2020 መዘጋቱ በዓለም ዙሪያ በተስፋፋበት ወቅት 370 ሚሊዮን ያህል ልጆች የትምህርት ቤት ምገባ እንደቀረባቸው የዓለም ምግብ ፕሮግራም አስታውቆ ነበር። ሌሎች ልጆች ደግሞ ከቤት ጥቃት የሚያመልጡበት፣ ወይም ሕክምናና የመናገር ሥልጠና የሚያገኙበት ነው። በከፊልም ቢሆን ግቢው ሲዘጋ የእነዚህ ልጆች ዝርዝር በአንድ ኃላፊ እጅ ሊኖር፣ በየዕለቱም ሊደወልላቸው ይገባል። ምግብ አብሳዮቹ ጤነኛ ከሆኑ ምግቡን አሽጎ በበር ላይ ማደል ይቻላል፤ ክፍሎች ስለተዘጉ ወጥ ቤቱ መዘጋት የለበትም።

ወለል አጥቦ አየሩን መተው

ከመከፈቱ በፊት ግቢውን በሙሉ በመድኃኒት መርጨት ወላጅን ያረጋጋ ይሆናል፤ ጥቅሙ ግን ትንሽ ነው። የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከል ማዕከል በኤፕሪል 2021 እንደገለጸው፣ አንድ ሰው የተበከለ ዕቃ ነክቶ በበሽታው የመያዝ ዕድሉ በአጠቃላይ ከ10,000 አንድ ያነሰ ነው። ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው በአየር ስለሆነ ጊዜውና ገንዘቡ የተጣበቁ መስኮቶችን ለማስከፈት፣ የአየር ማጣሪያ ለመግዛት፣ ከተቻለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ለማስገባት ቢውል ይሻላል። መለኪያው ቫይረሱን አያሳይም፤ ሰዎች የተነፈሱት አየር በክፍሉ ውስጥ መከማቸቱን ግን ያሳያል።

ሁሉንም በአንድ ሰኞ መመለስ

የመለየት ጊዜውን የጨረሰ መምህር ሁልጊዜ ያገገመ መምህር አይደለም። ከኮቪድ በኋላ ለሳምንታት የሚቆይ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠርና ሐሳብን የመሰብሰብ ችግር የሚገጥማቸው ብዙ ናቸው፤ በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ቆሞ መናገር ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሰው ከባድ ሥራ ነው። በተመለሱበት ዕለት የቀሩበትን ማካካሻ ጭምር የሚጭን አመራር ከጥቂት ቀናት በኋላ እነዚያኑ መምህራን እንደገና ያጣል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ክፍለ ጊዜ መቀነስ፣ ማካካሻውን በወሩ ውስጥ ማከፋፈል፣ በዚያው ሳምንትም የመዝጊያ መስፈርቱን እንደገና አውጥቶ የትኛው ቁጥር ትክክል እንዳልነበረ ከሠራተኞቹ ጋር ማረም ይገባል፤ አንድ ማዕበል ካለፈ በኋላ ሌላ እንደሚከተል ከኦሚክሮን በፊት የተዛመተው የዴልታ ዝርያና የኦሚክሮን ወራት አሳይተዋል።