የተማሪዎች የሥዕል ጉዞ ወደ ፍሎረንስ፦ እንዴት ይዘጋጃል?

የጣሊያኗ ፍሎረንስ ለሥዕል መምህር አስቸጋሪ ከተማ ናት፤ ብዙ ነገር አላት። የቦቲቼሊ፣ የዶናቴሎ፣ የሚካኤል አንጄሎ ሥራዎች ሁሉም በእግር በሚደረስ ርቀት ላይ ናቸው። ሁሉንም አሳያለሁ ያለ መምህር ልጆቹን እግራቸው ዝሎ፣ ስልካቸው በፎቶ ተጨናንቆ፣ አንድም ነገር በደንብ ሳያዩ ይመልሳቸዋል። ስለዚህ በቀን ከሁለት ቦታ በላይ አይያዙ፤ በየቦታውም አንድ ወይም ሁለት ሥራ መርጠው ልጆቹ ቁጭ ብለው እንዲስሉ ያድርጉ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው።

1. ወረቀቱን ቀድመው ይጨርሱ

ጀርመን ወይም ስዊድን የሚኖር የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ተማሪ ፓስፖርቱና የመኖሪያ ፈቃዱ ጊዜ ካላለፈባቸው ለአጭር ጉዞ ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም። ጀርመን ውስጥ ፓስፖርት የሌለው ልጅ ክፍሉ ውስጥ ካለ፣ ትምህርት ቤቱ የተጓዥ ተማሪዎችን ዝርዝር በውጭ ዜጎች ቢሮ ማስጸደቅ ይችል እንደሆነ በጊዜ ይጠይቅ። ከእንግሊዝ የሚነሣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ልጅ ግን የሸንገን ቪዛ (ጣሊያንን ጨምሮ ለአብዛኛው የአውሮፓ አገር የሚያገለግል የጋራ ቪዛ) ያስፈልገዋል፤ ማመልከቻውን ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። ቀጠሮ ማግኘቱ ራሱ ጊዜ ስለሚወስድ ለመጨረሻው ወር አይተዉት።

2. ቀንና ሰዓት ማስያዝ

በአውሮፓ ፀደይ (ከመጋቢት እስከ ግንቦት) የጣሊያን ትምህርት ቤቶችም ለጉዞ ስለሚወጡ ከተማዋ ትጨናነቃለች። ከኅዳር እስከ የካቲት ይበርዳል እንጂ ወረፋው ይቀላል፤ ምርጫው የእኔ ከሆነ ብርዱን እመርጣለሁ። ኡፊዚና አካዴሚያ የተባሉት ሙዚየሞች ሰኞ ዝግ ናቸው። በመንግሥት ሙዚየሞች ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ መግቢያው ነፃ ቢሆንም፣ ለቡድን ሰዓት አስቀድሞ ማስያዝ ይገባል። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ለሁሉም ነፃ ነው፤ ለዚያው ነው ከልጆች ጋር የማይኬደው።

3. ቦርሳ

ትንሽ ጠንካራ ልባስ ያለው የሥዕል ደብተር፣ ሁለት እርሳስ፣ ላጲስ፣ ፍርፋሪውን የሚይዝ መቅረጫ። ምላጭ ፍተሻ ላይ ይወሰዳል። ቀለምና ከሰል ለውጭ ይሁኑ፤ ውስጥ ለመሳል እርሳስም ቢሆን ሲያስይዙ ይጠይቁ። ለቤተ ክርስቲያን ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ያስፈልጋል፤ ይህን ለእኛ ልጆች መንገር ላያሻ ይችላል።

4. ከባርጄሎ ይጀምሩ

አብዛኛው ሰው ወደ ኡፊዚ ነው የሚሮጠው። እኔ ግን ባርጄሎ የተባለውን ሙዚየም አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም እዚያ ሁለት የነሐስ ሰሌዳዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1401 ለከተማዋ መጠመቂያ ቤት የነሐስ በር የሚሠራ ሰው በውድድር ሲፈለግ፣ ለሁሉም ተወዳዳሪ የተሰጠው ርእስ አብርሃም ልጁን ሲሠዋ የሚል ነበር። ከቀረቡት ውስጥ የጊቤርቲና የብሩኔሌስኪ ተርፈዋል።

ማብራሪያ አይስጡ። ሰሌዳዎቹ ፊት ያስቀምጧቸውና በመጀመሪያ ሁለቱንም ይሳሉ። ከዚያ ይጠይቁ፦ መልአኩ የት አለ? በብሩኔሌስኪ ሰሌዳ ላይ መልአኩ የአብርሃምን እጅ ጨብጦ ይዞታል፤ ቢላዋው የይስሐቅ አንገት ላይ ደርሷል። በጊቤርቲ ላይ መልአኩ ገና ከላይ እየበረረ ነው፣ እጅ አልነካም፤ ይስሐቅም ቀና ብሎ ተንበርክኳል። በጉ የት እንዳለ እንዲፈልጉ ያድርጓቸው። ብሩኔሌስኪ ከታች ያስቀመጠውን፣ እሾህ ከእግሩ የሚነቅለውን አሽከርም ሳያሳዩአቸው አይለፉ። በዕፀ ሳቤቅ ስለታሰረው በግ በሰንበት ትምህርት ቤት የሰማ ልጅ እዚህ ላይ ከመምህሩ በላይ ያወራል።

ያሸነፈው ጊቤርቲ ነው። ለልጆቹ ይህን የሚነግሩት የራሳቸውን ድምፅ ከሰጡ በኋላ ይሁን። ከዚያም ወደ ካቴድራሉ ይውሰዷቸው፤ ተሸናፊው ብሩኔሌስኪ ከ1420 እስከ 1436 ያሠራው ጉልላት ከላያቸው ይቆማል። በደቡብ በኩል የራሱ ሐውልት ቁጭ ብሎ ወደ ጉልላቱ አንጋጥጧል። መውጣቱ 463 ደረጃ ነው፤ መንገዱ ጠባብ፣ ሊፍት የለውም። ሠላሳ ልጅ ይዞ ከመውጣት ከተማዋ ከላይ ወደምትታይበት አደባባይ፣ ፒያሳሌ ሚካኤል አንጄሎ፣ ሄዶ ጉልላቱን ከሩቅ መሳል ይሻላል።

5. ዳዊት

ሚካኤል አንጄሎ የቀረጸው ዋናው የዳዊት ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1873 ጀምሮ አካዴሚያ ውስጥ ነው፤ በቀድሞ ቦታው፣ በፒያሳ ዴላ ሲኞሪያ አደባባይ፣ ቅጂው ቆሟል። በመጀመሪያ ቅጂውን ፀሐይ ላይ ይሳሉት፤ ክፍያም የለው፣ የሚያስቸኩልም የለም። በማግሥቱ አካዴሚያ ሲገቡ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝመውን ሙሉ ሰው ሳይሆን ቀኝ እጁን ብቻ ያስሏቸው። እጁ ከሰውነቱ አንጻር ትልቅ ነው፤ ሳይነግሯቸው ሲለኩ ይደርሱበታል። ወደ ዳዊት በሚወስደው ኮሪደር ላይ ያሉትን «እስረኞች» የተባሉትን የሚካኤል አንጄሎ ያላለቁ ሐውልቶች በሩጫ አይለፏቸው፤ የመሮው ጭረት እብነ በረዱ ላይ እንዳለ ይታያል፤ አሠራሩን ለመማር ከተጠናቀቀው ሥራ ይበልጣሉ።

6. ኡፊዚ

አንድ የቦቲቼሊ ሥዕል ይበቃል። የሐበሻ ልጆች ካሉ ግን በኮሪደሩ ቀና ብለው ይሂዱ፤ ጣሪያው ሥር ከተደረደሩት የታዋቂ ሰዎች ምስሎች መካከል የአፄ ልብነ ድንግል ይገኝበታል። ሠዓሊው ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ ንጉሡን አይቷቸው አያውቅም፤ የጣሊያን ከተማ ኮሞ ከነበረው የታሪክ ጸሐፊው የፓኦሎ ጆቪዮ የምስል ስብስብ ነው የገለበጠው። «አይተኸው የማታውቀውን ንጉሥ ሣል» የምትል የቤት ሥራ ከዚህ ትወጣለች።

7. ከተመለሱ በኋላ

በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱ ተማሪ ከደብተሩ አንድ ንድፍ መርጦ በትልቅ ወረቀት ይሥራው፤ ፎቶ ማየት አይፈቀድም። ለወላጆች ሲያሳዩ ደብተሮቹንም ተከፍተው ያስቀምጡ፤ የተሰረዘውም ገጽ ጭምር ይታይ።