ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና (ኤልሳት) እንዴት መዘጋጀት ይቻላል?

ኤልሳት የሕግ ዕውቀት አይጠይቅም። ሕገ መንግሥት ሸምድዳችሁ ብትገቡ አንዲት ነጥብ አትጨምርላችሁም። በአሜሪካና በካናዳ ሕግ ለመማር የሚያመለክቱ ሰዎች የሚወስዱት ይህ ፈተና የሚለካው ሌላ ነገር ነው፤ አጭር ክርክር ሰጥቶ ከቀረበው ማስረጃ ተነሥታችሁ ምን ማለት እንደሚቻል፣ ምን ማለት እንደማይቻል መለየታችሁን። በዚህ ፈተና ነጥቡ ከፍ የሚልለት ብዙ ጥያቄ የሠራ ሰው ሳይሆን የሳተውን ጥያቄ በደንብ የመረመረ ሰው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

1. ፈተናውን እወቁት

አዘጋጁ ኤልሳክ የሚባለው የሕግ ትምህርት ቤቶች የመግቢያ ምክር ቤት ሲሆን ፈተናው ከ1948 ጀምሮ ይሰጣል (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አራት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ ነው። ሁለቱ የአመክንዮ፣ አንዱ አንብቦ የመረዳት ክፍሎች ናቸው። አራተኛው ከሁለቱ ዓይነት የአንዱ ሆኖ ነጥብ አይያዝበትም፤ ኤልሳክ አዳዲስ ጥያቄዎቹን የሚሞክርበት ነው። የትኛው እንደሆነ ስለማይነገራችሁ ሁሉንም የምር ሥሩ። ከሁለተኛው ክፍል በኋላ የ10 ደቂቃ ዕረፍት አለ። ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ይደርሳል፤ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም።

ያገለገለ መጽሐፍ ከሰው የምትቀበሉ ከሆነ ተጠንቀቁ። እስከ ጁን 2024 ድረስ «ሎጂክ ጌምስ» የሚባል የእንቆቅልሽ ክፍል ነበረ። ጥያቄዎቹ ሥዕልና ሠንጠረዥ እየሠሩ የሚፈቱ ስለነበሩ ማየት ለተሳናቸው ተፈታኞች ፍትሐዊ አልነበሩም። በዚህ የተነሣ የተከፈተ ክስ በ2019 በስምምነት ካለቀ በኋላ ክፍሉ ከኦገስት 2024 ጀምሮ ቀርቷል። ዛሬም ይህን ክፍል ሌት ተቀን የሚያጠኑ ሰዎች ያጋጥሙኛል። በድሮ ፈተናዎች ውስጥ ያሉት የአመክንዮና የንባብ ጥያቄዎች ግን አሁንም ያገለግላሉ፤ አትጣሏቸው።

2. ሳታጠኑ አንድ ፈተና ውሰዱ

ኤልሳክ ሎውሃብ በተባለው ድረ ገጹ ላይ የተወሰኑ እውነተኛ የቀድሞ ፈተናዎችን በነጻ ያቀርባል። አካውንት ክፈቱ፤ በተመደበው ሰዓት፣ ስልክ አጥፍታችሁ አንዱን ጨርሱ። ውጤቱ ዝቅ ቢል አትደንግጡ፤ መነሻችሁን ለማወቅ እንጂ ለሌላ አይጠቅምም።

3. የምትፈልጉትን ነጥብና የፈተናውን ቀን ወስኑ

«በተቻለኝ መጠን ከፍ ያለ» ግብ አይደለም። በአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ዕውቅና ያላቸው ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ «509» የሚባል ሪፖርት ያወጣሉ። በዚያ ዓመት የገቡት ተማሪዎች መካከለኛ የኤልሳት ነጥብ፣ እንዲሁም አንድ አራተኛው ተማሪ ከሥሩ፣ አንድ አራተኛው ከላዩ የሆነበት ነጥብ እዚያ አለ። የምትፈልጉትን ትምህርት ቤት ሪፖርት ከፍታችሁ መካከለኛውን ነጥብ ጻፉ። በዚያው ሰነድ ስንት ተማሪ የክፍያ እርዳታ እንዳገኘ፣ ምን ያህል እንደሆነም ታያላችሁ። ብዙ ሰው ኤልሳትን የመግቢያ በር ብቻ አድርጎ ያስበዋል። ከመካከለኛው ነጥብ በላይ ያመጣ አመልካች ግን ብዙ ጊዜ የትምህርት ክፍያ ቅናሽ ይቀርብለታል፤ ጥቂት ነጥብ መጨመር በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያድን ይችላል።

ቀኑን በተመለከተ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚመለከቱት እንደ ደረሰላቸው ቅደም ተከተል ነው። መቀበል የሚጀምሩት በመከር ወራት ስለሆነ ፈተናውን በበጋቸው (ከጁን እስከ ኦገስት)፣ ቢዘገይ በመከሩ መጀመሪያ (በሴፕቴምበር) ጨርሶ ማመልከት ይመረጣል። ለዝግጅቱ ሦስት ወር ትንሹ ነው፤ ሥራ እየሠራ ለሚያጠና ሰው ግማሽ ዓመት ቢሆን አይበዛም። ምዝገባው ከፈተናው ቀን ከአንድ ወር በላይ ቀደም ብሎ እንደሚዘጋም አትርሱ።

4. ሰዓቱን ትታችሁ ክርክሩን መበተን ተማሩ

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ከሚቆጠሩት ሦስት ክፍሎች ሁለቱ አመክንዮ ስለሆኑ አብዛኛው ጊዜያችሁም እዚህ መዋል አለበት። አንድ ክፍል 25 ያህል ጥያቄዎች አሉት። በእያንዳንዱ አጭር አንቀጽ ይቀርባል፤ ከዚያ ክርክሩን የሚያዳክመውን፣ የሚያጠናክረውን፣ ሕጸጹን የሚገልጸውን ወይም ክርክሩ የተደገፈበትን ያልተነገረ ታሳቢ እንድትመርጡ ትጠየቃላችሁ።

ምሳሌ እንሥራ። «ባለፈው ዓመት ከተማው የመንገድ መብራቶቹን በሙሉ ቀየረ። በዚያው ዓመት የሌሊት ስርቆት ቀነሰ። ስለዚህ ስርቆቱን የቀነሱት አዲሶቹ መብራቶች ናቸው።» መጀመሪያ መደምደሚያውን ለዩ፤ «ስለዚህ» ብሎ የጀመረው ነው። መነሻዎቹ ሁለት ናቸው፤ መብራት ተቀየረ፣ ስርቆት ቀነሰ። በመነሻዎቹና በመደምደሚያው መካከል ያለው ክፍተት ምንድን ነው? ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት መሆናቸው አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን አያሳይም። አማራጮቹን ከማንበባችሁ በፊት ይህን ክፍተት በራሳችሁ አንደበት መናገር አለባችሁ። መናገር ካልቻላችሁ አንቀጹን ገና አልተረዳችሁትም፤ ተመለሱ።

«ከሚከተሉት ክርክሩን ይበልጥ የሚያዳክመው የትኛው ነው?» ቢባል «በዚያው ዓመት የሌሊት ጠባቂ ፖሊሶች ቁጥር በእጥፍ ጨምሯል» የሚለው ይመታዋል፤ ለስርቆቱ መቀነስ ሌላ ምክንያት ያቀርባልና። «ብዙ ነዋሪዎች አዲሶቹን መብራቶች አልወደዷቸውም» የሚለው ስለ መብራት ቢያወራም ክርክሩን አይነካውም። «መብራት ባልቀየሩ አጎራባች ከተሞች ስርቆት አልቀነሰም» የሚለው ደግሞ ያጠናክረዋል እንጂ አያዳክመውም። ተፈታኝን የሚጥሉት እንዲህ ያሉ በጉዳዩ ዙሪያ የሚያንዣብቡ አማራጮች ናቸው።

አሁን አስቸጋሪው ይመጣል፤ ለክርክሩ የግድ የሚያስፈልገው ታሳቢና ለክርክሩ በቂ የሆነው ታሳቢ። ሁለቱን አለመለየት ጥሩ ተማሪን እንኳ ለወራት አንድ ነጥብ ላይ ያስቀራል። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ተመልከቱ፦

ሀ. የስርቆቱ መቀነስ መብራቶቹ ከመቀየራቸው በፊት ያበቃ አልነበረም።
ለ. በዚያ ዓመት የስርቆትን መጠን ሊለውጥ የሚችለው የመብራቶቹ መቀየር ብቻ ነበር።

«ሀ» የግድ የሚያስፈልግ ነው። ለማረጋገጥ ገልብጡት፤ ስርቆቱ ቀንሶ ያበቃው መብራቶቹ ከመቀየራቸው በፊት ከሆነ መብራቶቹ ቀነሱት የሚለው ክርክር ፈረሰ። ሲገለበጥ ክርክሩን የሚያፈርስ ከሆነ የግድ ያስፈልጋል ማለት ነው። ሆኖም «ሀ» እውነት ሆኖ መደምደሚያው ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በቂ አይደለም። «ለ» ደግሞ በተቃራኒው ነው። እውነት ከሆነ መደምደሚያው ያለ ጥርጥር ይከተላል፤ ስለዚህ በቂ ነው። ግን ገልብጡት፤ ስርቆትን ሊለውጥ የሚችል ሌላ ነገርም ነበር እንበል። ክርክሩ ፈረሰ? አልፈረሰም። መብራቱም ሌላውም አብረው ቀንሰውት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ለ» የግድ አያስፈልግም።

ከዚህ የምትወስዱት ተግባራዊ ነገር አለ። የግድ የሚያስፈልገውን ስትጠየቁ ትክክለኛው መልስ ብዙ ጊዜ ለዘብ ያለ፣ እንዲያውም «ይህማ ግልጽ ነው» የሚያሰኝ ነው። ኃይለኛ አነጋገር፣ «ብቻ»ና «ሁልጊዜ» የበዛበት አማራጭ እዚያ ላይ ያጠራጥራል። በቂውን ስትጠየቁ ግን ያው ኃይለኛ አነጋገር ተፈላጊ ነው። ጥያቄውን በችኮላ አንብቦ ሁለቱን ያምታታ ሰው ክርክሩን አሳምሮ ተረድቶም ይስታል።

«ከሆነ» የሚሉ ሁኔታዊ ዓረፍተ ነገሮችንም በዚህ ወቅት ተለማመዱ። ጠበቃ ሁሉ ፈቃድ ካለው ፈቃድ የሌለው ሰው ጠበቃ አይደለም፤ ፈቃድ ያለው ሁሉ ጠበቃ ነው ማለት ግን አይደለም። እዚህ ሲነገር ቀላል ነው፤ በእንግሊዝኛ «አንለስ»ና «ኦንሊ ኢፍ» ገብተው ሲያጠላልፉት ይከብዳል። አቅጣጫው ሳታስቡ እስኪመጣላችሁ ድረስ በወረቀት ላይ በቀስት እያሳያችሁ ሥሩ።

5. መልሱን ከማየታችሁ በፊት ከልሱ

አንድ ክፍል በሰዓቱ ስትሠሩ ያልተማመናችሁባቸውን ጥያቄዎች ሁሉ ምልክት አድርጉባቸው። ሰዓቱ ሲያልቅ መልሱን አትክፈቱ። ምልክት ወዳደረጋችሁባቸው ተመልሳችሁ ያለ ሰዓት እንደገና ሥሩ። ለእያንዳንዱ ትክክል ነው የምትሉትን ብቻ ሳይሆን የቀሩት አራቱ ለምን እንደማይሆኑ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ብቻ መልሱን እዩ።

አድካሚ ነው፤ አንድን ክፍል መከለስ ከመሥራቱ ሁለትና ሦስት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። ሰዎች የሚዘሉትም ለዚህ ነው። ያለዚህ ግን ለምን እንደሳታችሁ ማወቅ አትችሉም። በክለሳው ካስተካከላችሁት የጎደላችሁ ጊዜ ነው። በክለሳውም ከሳታችሁት የጎደላችሁ መረዳት ነው። መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። ምልክት ሳታደርጉበት የሳታችሁት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ በልበ ሙሉነት ተሳስታችኋል። እነዚህን ለብቻ ደብተር ላይ መዝግቡ፤ «ምን አሳሳተኝ?» ለሚለው በአንድ መስመር መልሱ። «ተቻኮልኩ» ብሎ መጻፍ መልስ አይደለም። «ጥቂቶች የሚለውን አብዛኞቹ ብዬ ወሰድኩት» ይባል። ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ደብተሩን ስታገላብጡ ያው ሁለት ሦስት ስሕተት ልብሱን እየቀያየረ ሲመላለስ ታገኙታላችሁ።

ስለ መሣሪያም ልናገር። ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ መጀመሪያ ለእውነተኛ የቀድሞ ፈተናዎች አውጡት፤ በነጻ ያልቀረቡትን የሚከፍተው የሎውሃብ ዓመታዊ ክፍያ ከአብዛኞቹ ኮርሶች ይረክሳል። የማስጠኛ ድርጅቶች ራሳቸው የጻፏቸው ጥያቄዎች፣ ከዚያም በላይ በቻትቦት የተፈበረኩት፣ የእውነተኛውን ጥንቃቄ የላቸውም። በእነሱ ያጠና ሰው ሁለት አማራጭ ትክክል መስሎ መታየቱን ይለምዳል። በኤልሳት ግን ትክክለኛው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ አራቱ የሚያፈርሳቸው ተጨባጭ ነገር አላቸው።

6. አንብቦ መረዳት

በዚህ ክፍል አራት ምንባቦች ይቀርባሉ፤ ሕግ፣ ሳይንስ፣ ጥበብ፣ ማኅበራዊ ጉዳይ። አንዱ ሁለት አጫጭር ጽሑፎችን የሚያነጻጽር ነው። ዝርዝሩን ለመያዝ አትታገሉ፤ ጽሑፉ ፊታችሁ ነው። ከእያንዳንዱ አንቀጽ በኋላ ጸሐፊው ምን እየሠራ እንደሆነ ለራሳችሁ ንገሩ። የሰው ሐሳብ እያቀረበ ነው? እየተቃወመ ነው? ምሳሌ እየሰጠ ነው? የጸሐፊው አቋም የተገለጠበትን ቦታ ካወቃችሁ አብዛኛው ጥያቄ ይቀላል።

እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋችሁ ከሆነ ይህ ክፍል ነው የሚያስቸግራችሁ። ተጨማሪ ሰዓት የሚፈቀደው በአካል ጉዳት ወይም በጤና ምክንያት በማስረጃ ለሚጠይቁ እንጂ በቋንቋ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ ከሙያችሁ ውጪ የሆነ ጠጣር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብቡ። በመጨረሻው ወር የሚደረግ ንባብ ብዙ አይረዳም።

7 እና 8. ሰዓትና ሙሉ ፈተና

ያለ ሰዓት አብዛኛውን በትክክል መሥራት ስትጀምሩ ብቻ ወደ ሰዓት ግቡ። ለአንድ የአመክንዮ ጥያቄ ወደ 1 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ይደርሳችኋል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀለል ስለሚሉ በእነሱ ትርፍ ሰዓት አጠራቅሙ። ያቃታችሁን ዝለሉ፤ ሁሉም ጥያቄ እኩል ነጥብ አለው። አምስት ደቂቃ ስትቀር ባዶ የቀረውን ሁሉ ሙሉ።

ሙሉ ፈተና በሳምንት አንድ ይበቃል። አብራኝ ያጠናች አንዲት ልጅ በየቀኑ አንድ ሙሉ ፈተና ትወስድ ነበር። ነጥቧ ባለበት ቆመ። የባሰው ግን ወደ መጨረሻው ያልሠራችው ፈተና አልቆባት መሻሻሏን የምትለካበት ማጣቷ ነው።

9. ወረቀቱ

ምዝገባው ከ200 ዶላር በላይ ያስከፍላል። አቅም ለሌለው ሰው ኤልሳክ ከክፍያ ነጻ ያደርጋል፤ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ የከፈላችሁት አይመለስም። የተመዘገባችሁበት ስም ከመታወቂያችሁ ወይም ከፓስፖርታችሁ ጋር በፊደል ሳይቀር አንድ ይሁን።

የጽሑፍ ክፍል ለብቻው በቤታችሁ ኮምፒውተር የሚሠራ ነው፤ 15 ደቂቃ ማሰቢያ፣ 35 ደቂቃ መጻፊያ። ነጥብ የለውም፤ ነገር ግን ካልጻፋችሁ ውጤታችሁ አይለቀቅም፤ ትምህርት ቤቶቹም ያነቡታል። ከፈተናው ቀን ስምንት ቀን ቀደም ብሎ ይከፈታልና ያኔውኑ ጨርሱት።

ውጤቱ ካልጣማችሁ ድጋሚ መውሰድ ይቻላል፤ በአምስት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ሰባት ጊዜ። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ከፍተኛውን ነጥብ ስለሚይዙ ድጋሚ መውሰድ አያሳፍርም። ነገር ግን የስሕተት ደብተራችሁ ላይ ያሉት ስሕተቶች ዛሬም እየተመላለሱ ከሆነ ለሚቀጥለው ቀን ገና አትመዝገቡ።