ከታች አርሮ ከላይ ጥሬ የሚቀር ሩዝ፣ የሚጣበቅ ፓስታ፣ የሚጎመዝዝ ስጎ፦ ችግርና መፍትሄ

ሩዝ ተለቅሞ እንደሚታጠብ፣ ፓስታ የፈላ ውሃ ውስጥ እንደሚገባ ታውቃላችሁ ብዬ እጀምራለሁ። የማወራው ያን ሁሉ አድርጋችሁም ምግቡ እምቢ ሲላችሁ ነው። ዘመድ ጎረቤቱ ራት ሲበላሽበት የሚደውለው ለእኔ ነው። አብዛኛው የሚጠይቀኝም አንዱኑ ነገር ነው። ከሱ ልጀምር።

ሩዙ ከታች አረረ፣ መሃሉ ገንፎ ሆነ፣ ላዩ ጥሬ ነው

ሰው ሁሉ ሩዙን ይወቅሳል። "የዘንድሮ ሩዝ አይረባም" ይባላል። ሩዙ ብዙ ጊዜ ምንም የለበትም። ጥፋቱ ከምድጃው፣ ከክዳኑና ከማማሰያው ነው።

መጀመሪያ ምድጃው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ማዞሪያውን ከላይኛው ቁጥር ወደ 1 ስትመልሱት ወዲያው አይበርድም። ለብዙ ደቂቃ እንደጋለ ይቆያል። እናንተ "ቀንሼዋለሁ" ብላችሁ ሳሎን ትቀመጣላችሁ፤ ድስቱ ግን እንደ ቅድሙ ይንተከተካል። ሩዙ ሳይጠጣው ውሃው ተንኖ ያልቃል። የታችኛው ያራል፣ የላይኛው ሳይበስል ይቀራል። በተለይ ጋዝ የለመደ ሰው በዚህ ይሸወዳል። ሁለት ምድጃ ካላችሁ ሁለተኛውን ቀደም ብላችሁ በዝቅተኛው ሙቀት ለኩሱትና ድስቱን በሰዓቱ ወደዚያ አዛውሩት። ያላችሁ አንድ ብቻ ከሆነ ማዞሪያውን ዝቅ አድርጉና ድስቱን አንስታችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ገለል አድርጉት። ከዚያ መልሱት። ክዳኑን ግን አትንኩ።

ክዳኑን አትንኩ ስል ሰው ይስቃል። አንዲት ዘመዴ ቤት ኩሽና ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። እያወራችኝ ክዳኑን ታነሳለች። በማንኪያ ጫፍ ጥቂት ፍሬ አውጥታ ትቀምሳለች። "ገና ነው" ትላለች። ከቧንቧ ግማሽ ጭልፋ ቀዝቃዛ ውሃ ታክላለች፣ ታማስላለች፣ ትከድናለች። ትንሽ ቆይታ እንደገና ታነሳለች። ላይ ያለው ሩዝ የሚበስለው በእንፋሎት ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ እንፋሎቱን በየደቂቃው ለጣሪያው ትሸኘዋለች። ቀዝቃዛው ውሃ መፍላቱን ያቆመዋል። ማማሰያው የለሰለሰውን ፍሬ ይሰባብራል፣ ከተሰበረው ፍሬ የሚወጣው ስታርች ሁሉንም ያጣብቃል። ሲቀርብ ከታች ጥቁር፣ መሃሉ የሚዛቅ ገንፎ፣ ላዩ ጥርስ የሚሰብር። ሩዙን ለባለሱቁ ልትመልስለት ተነስታ ነበር። ከዚያው ከረጢት አንድ ብርጭቆ ሰፍሬ፣ እጇን ይዤ አስቀምጬ ሰራሁት። ፍሬው ለየብቻ ሆኖ ወጣ። ባለሱቁም ተረፈ።

አሠራሩ ይሄው። ሩዙን ውሃው እስኪጠራ እጠቡት፣ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉት፣ አጥልሉት። ሽንኩርት በዘይት አቁላሉ። ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ፍሬ ሄል፣ ትንሽ እርድ ጨምሩ። ካሮትና ፎሶሊያ ካላችሁ አሁን ይግባ። ሩዙን ጨምራችሁ ዘይቱ ፍሬውን ሁሉ እስኪያገኘው በቀስታ አገላብጡት። ከዚያ የፈላ ውሃና ጨው። አንድ ጊዜ አማስሉ። ይቺ የመጨረሻዋ ናት፤ ማማሰያው እዚያው ይታጠብና ይቀመጥ። ውሃው ከሩዙ ጋር ሲስተካከልና ላዩ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቅ ብቅ ሲሉ ክደኑት፣ ሙቀቱን ዝቅ አድርጉት። 15 ደቂቃ ገደማ ይቆይ። አጥፉትና ሳትከፍቱ ሌላ 10 ደቂቃ ተዉት።

ክዳኑን ሳትከፍቱ በምን ታውቃላችሁ? በጆሮ። ጠጋ ብላችሁ ስሙት። ውሃ ሲኖረው ድምፁ ወፈር ያለ መንተክተክ ነው። ውሃው ሲያልቅ ይቀጥንና ደረቅ፣ ቆራረጥ ያለ ቻ ቻ ይላል። ያንን ስትሰሙ ወዲያው አጥፉ። ሽታው እስኪመጣ ከጠበቃችሁ አሯል።

ውሃው ስንት ይሁን? እዚህ ላይ ነው ሌላው ጣጣ። አረብ አገር ሰርታ የመጣች የሰፈራችን ልጅ "ጅዳ ለሩዜ ሰው ይመሰክርልኝ ነበር፣ እዚህ ምን ነካኝ?" አለችኝ። ምንም አልነካትም። ጅዳ ባሕር ዳር ናት፤ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች፤ ውሃው በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚህም ይቀንሳል። እሳት ብትጨምሩበት ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ ሩዙ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜው ሲረዝም የሚተነው ውሃም ይጨምራል። ለተዘፈዘፈ አንድ ብርጭቆ ባስማቲ ጅዳ አንድ ተኩል ብርጭቆ ውሃ ይበቃል። አዲስ አበባ ሁለት አድርጉት። ድሬዳዋ ያላችሁ በመሃል ያዙት። የማሸጊያውን መመሪያ የጻፈው ሰው የእናንተን ኩሽና አያውቀውም። በግልባጩም ይሠራል፦ እናት ከአዲስ አበባ በስልክ የነገረችውን ልክ ይዞ ዋሽንግተን ዲሲ የሚቀቅል ልጅ ገንፎ ይበላል።

ድስቱንም እዩት። ገበያ የሚሸጠው ስስ አልሙኒየም ድስት ለሻይ ውሃ ይሁን፤ ለሩዝ አይሆንም። መሃሉ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ይግልና እዚያው ያሳርራል። ክዳኑም አይገጥምም፤ ሲንቀጫቀጭ ትሰሙታላችሁ። ወፍራም ድስት ከሌላችሁ ንጹሕ ፎጣ ከክዳኑ ስር ዘርጉና ጫፎቹን ወደ ላይ ሰብስባችሁ እጀታው ላይ እሰሩ። ጫፉ ተንጠልጥሎ እሳት እንዳይነካው። ጋዝ ላይ ከሆናችሁ ደግማችሁ እዩት። ፎጣ ሲቀጣጠል አይቻለሁ።

የልደት ድስት ሌላ ነው። ከሁለት ኪሎ በላይ ሩዝ አንድ ድስት ውስጥ በልክ ውሃ አብስላለሁ ማለት አጉል ድፍረት ነው። የላይኛው ክብደት የታችኛውን ይጨፈልቀዋል። ብዙ ከሆነ እንደ ፓስታ በብዙ ውሃ ቀቅሉት፣ መሃሉ ትንሽ ጠንከር እንዳለ አጥልሉት፣ ከተቁላላው ጋር መልሳችሁ ክደኑና በእንፋሎት ጨርሱት።

አሁን ተበላሽቶ ከሆነስ? ካረረ አታማስሉት፣ ውሃም አትጨምሩ። የታችኛውን ሳትፍቁ ላዩን ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ። አንድ ቁራጭ ዳቦ ላዩ ላይ አድርጋችሁ ብትከድኑት ሽታው ትንሽ ይቀንሳል። ጥሬ ከሆነ የፈላ ውሃ ረጨት ረጨት አድርጋችሁ ክደኑና በዝቅተኛ ሙቀት 10 ደቂቃ ተዉት። ገንፎ ከሆነ ትሪ ላይ ዘርግታችሁ እንፋሎቱ ይውጣለት። ካልዳነ ሾርባ ውስጥ ይግባ። ሕፃን ካለ ወተት ጨምሩበትና ስሙን ቀይሩት።

መብራት ድንገት ከሄደና ውሃው ተመጥጦ ካለቀ አትደንግጡ፤ ድስቱን በወፍራም ፎጣ ወይም በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሉት፣ በራሱ ሙቀት ይጨርሳል። ውሃው ገና ካላለቀ ከሰል ፈልጉ።

አጠር ወፈር ያለው ሩዝ፣ ለምሳሌ የፎገራው፣ በባሕሪው እርስ በርሱ ይያያዛል። ያ ጉድለት አይደለም። ለሾርባ፣ ለወተት ሩዝና ከጤፍ ጋር ለእንጀራ ተመራጭ ነው። ከሱ የባስማቲ መልክ አትጠብቁ።

ፓስታው ተጣበቀ፣ ወይም ለፈሰፈሰ

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሥራ ቅደም ተከተል ነው። ፓስታው ይቀቀላል፣ ይጠለላል፣ ከዚያ ሽንኩርት መክተፍ ይጀመራል። ስጎው እስኪደርስ ፓስታው ወንፊት ላይ ተጋግሮ አንድ ቂጣ ይሆናል። ገልብጡት። ስጎው ደርሶ እየተንተከተከ ሳለ ፓስታው ይግባ።

ሁለተኛው ምክንያት የውሃ ማነስ ነው። ለ500 ግራም ፓስታ 4 ወይም 5 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። ሁለት ሊትር ውስጥ አጭቃችሁ ከሆነ ፓስታው ሲገባ መፍላቱ ይቆምና እስኪመለስ ድረስ ፓስታው ይጣበቃል። የመጀመሪያውን ሁለት ደቂቃ በሹካ ለያዩት፤ የሚጣበቀው ያን ጊዜ ነው።

ዘይት ውሃው ውስጥ አትጨምሩ። ውሃው ላይ ይንሳፈፋል እንጂ መጣበቁን አያስቀርም። ስታጠልሉት ግን ፓስታውን ይቀባውና ስጎው ይንሸራተትበታል። በቀዝቃዛ ውሃም አትለቅልቁት። ለሰላጣ ካልሆነ በቀር ያን ስታርች ትፈልጉታላችሁ። ከመጠለሉ በፊት አንድ ጭልፋ የቀቀላችሁበትን ውሃ አስቀሩና ስጎው ላይ ጨምሩት፤ ስጎው ፓስታውን የሚይዘው በሱ ነው።

ማሸጊያው 9 ደቂቃ ካለ አዲስ አበባ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምሩ። ግን ሰዓት አትመኑ፣ ቅመሱ። አንዱን በጥርስ ቆርጣችሁ እዩት። መሃሉ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ ስትቀር አውጡት፤ ቀሪውን ስጎው ውስጥ ይጨርሳል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ከለፈሰፈሰ ጥፋቱ የፓስታው ነው። ጥሩ ፓስታ ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴ ይሠራል፤ ቀለሙ የማር ቢጫ ነው፣ ስትሰብሩት ቀጭ ይላል። የነጣ፣ ነጠብጣብ ያለበት፣ ማሸጊያው ስር ዱቄትና ስብርባሪ የተጠራቀመበት ፓስታ አትግዙ። ከለስላሳ ስንዴ የተሠራው ውሃውን ወተት ያስመስለዋል። በዋጋው ቅናሽ የሚገርማችሁ ካለ፣ ቀቅላችሁ ስታዩት መገረሙ ያልፋል።

ፓስታን በእንጀራ ለምትበሉ ምንም የምለው የለኝም። ለእሱ እንዲያውም ትንሽ መለስለሱ ይሻላል።

ስጎው ይጎመዝዛል

የቲማቲም ድልሁ ጥሬ ነው። ሽንኩርቱ ሳይበስል ድልሁ ይገባል፣ ወዲያው ውሃ ይደፋበታል። ከዚያ ስኳር ይፈለጋል። ሽንኩርቱ ወርቃማ እስኪሆን አቁላሉት። ድልሁን ጨምራችሁ ያለ ውሃ በዘይቱ አገላብጡት። ደማቅ ቀይነቱ ጠቆር እስኪል፣ ዘይቱም በጠርዙ እስኪወጣ አትቸኩሉ። ውሃው ከዚያ በኋላ ነው። አንዴ ውሃ ከገባ ያ የጥሬ ጣዕም ለማጥፋት ሁለት እጥፍ ጊዜ ይወስድባችኋል። በጾም ስጋም ቅቤም ስለሌለ ይሄ ደረጃ ላይ ማጭበርበር አይቻልም፤ ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው። ነጭ ሽንኩርት በዛ አድርጉ፣ ትንሽ በሶብላ ደግሞ ሊወጣ ሲል።

ካሮቱና ድንቹ አልበስል ካለ ከቲማቲሙ በኋላ ጨምራችኋቸዋል ማለት ነው። የቲማቲም አሲድ አትክልት እንዳይለሰልስ ያደርጋል። መጀመሪያ እነሱ ይብሰሉ።

በርበሬ ካስገባችሁና ከመረረ አሯል። መፍትሄ የለውም፣ እንደገና ጀምሩ። በሚቀጥለው ጠብታ ውሃ አስቀድሙ።

ጨው ከበዛ ድንች ጣሉበት የሚባለውን ተዉት። ድንቹ ጨው ጨው ይላል፣ ስጎውም ጨው እንደበዛበት ይቀራል። ያለ ጨው የተቀቀለ ተጨማሪ ፓስታ ወይም ሩዝ ቀላቅሉበት።

ሩዙ ቢጫ ሆኖ ከመረረ እርድ በዝቷል። ቅርንፉድ ብቻ ከሸተተ ፍሬውን ለቅማችሁ አውጡ።

ያደረ ሩዝ ሆድ ያማል

ይሄኛውን እንደ ቀልድ አትለፉት። ሩዝ ውስጥ ሲቀቀል የማይሞት ጀርም አለ፤ ባሲለስ ሴሬየስ ይባላል። ድስቱ ምድጃ ላይ ለብ እንዳለ ሲያድር ይራባና መርዝ ያመነጫል። ጠዋት ብታሞቁት ጀርሙ ይሞት ይሆናል፣ መርዙ ግን ይቀራል። ስለዚህ "አሙቄዋለሁ" መፍትሄ አይደለም። የተረፈውን ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ዘርግታችሁ አብርዱና በአንድ ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። በማግስቱ ብሉት፤ አንድ ጊዜ ብቻ በደንብ አሙቁ። ፍሪጅ ከሌለ ወይም መብራት ሄዶ ካደረ ይደፋ። ማታ ድስት ውስጥ ያደረውን ለልጅ ምሳ ዕቃ የምትቋጥሩ ሰዎች አላችሁ፤ አታድርጉት።

ምሳ ዕቃ ውስጥ ፓስታው ከደረቀ ስጎው አንሷል። ጠዋት ስትቋጥሩ ሁለት ማንኪያ የፈላ ውሃ ጨምራችሁ አገላብጡት። ሹካም አትርሱ።