ውዱን ራም ሳልገዛ ችግሩን የፈታሁበት መንገድ

ደብረ ማርቆስ ላይ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ጥር ላይ ሥራ ሲደራረብ ኮምፒውተሬ ሰማያዊ ስክሪን እያወጣ አስቸገረኝ። ኤክስፖርቱ፣ ማለትም ያለቀውን ቪዲዮ ወደ አንድ ፋይል ማውጣቱ፣ ሊያልቅ ሲል ድርግም ይላል። የሙሽሮቹ ቤተሰብ ደግሞ በየቀኑ ይደውላል።

ጥፋቱ ከራሙ፣ ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው ከሚይዝበት ሜሞሪ፣ ነበር። ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4፣ ርካሽ የሚባለው ዓይነት። የተሠራው ለ3200 ፍጥነት ነው፤ እኔ ባዮስ (የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ) ገብቼ 3600 አድርጌዋለሁ። ጓደኛዬ «ወንድሜ፣ ውዱን ግዛና ተገላገል» አለኝ። ከአዲስ አበባ ላስመጣ ብዬ ዋጋ ጠየቅሁ። የርካሹን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ከመክፈሌ በፊት ሜምቴስት86 የሚባለውን ራም መመርመሪያ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭኜ አስነሣሁት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስክሪኑ ስህተት በሚያሳይ ቀይ መስመር ተሞላ። ራም እንዲህ ሲሳሳት ኮምፒውተሩን ማጥፋት ብቻ አይደለም፤ ፋይልም ሳይታወቅ ያበላሻል። ይሄ ነው ያስደነገጠኝ፤ የሰው ሠርግ አይደገምም።

የራሙን ቮልቴጅ ከ1.35 ወደ 1.4 ከፍ አደረግሁ። ቀዩ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የፈታው ታይሚንጉን፣ ማለትም ራሙ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚሰጠውን የጥበቃ ጊዜ፣ ማላላት ነው። 16-18-18 የነበረውን 18-22-22 አደረግሁት። ማታ ምርመራውን ለቅቄው ተኛሁ። ጠዋት ሳየው አራቱንም ዙር ያለ አንድ ስህተት ጨርሷል።

ውዱ ራም በከንቱ ውድ አልሆነም። ቺፑ ተመርጦ ነው የሚገጠምለት፤ ሳምሰንግ ቢ-ዳይ የሚባለውን ቺፕ የመሰለው ታይሚንጉ ብዙ ሳይላላ ይፈጥናል። ውዱ ራም ላይ የሚያብረቀርቀው መብራት ግን ለፍጥነት ምንም አይጨምርም። ለኤክስፖርት ሥራዬ ልዩነቱ ጥቂት ስለሆነ በብሩ ኤስኤስዲ (ፈጣን የፋይል ማስቀመጫ) ገዛሁበት። ቪዲዮውንም በሦስተኛው ቀን አስረከብኩ።