በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለውን ገጠር በጥቁርና ነጭ ፊልም እንዴት ማንሳት ይቻላል?

ከአዲስ አበባ ወጣ ካሉ ገጠሩ ሩቅ አይደለም። እንጦጦን ሲሻገሩ የሱሉልታ ሜዳ፣ በምሥራቅ የሰንዳፋ የጤፍና የስንዴ ማሳ፣ በምዕራብ የወጨጫ ተራራና የመናገሻ የጽድ ደን ይጠብቅዎታል። እኔ የምመርጠው ወቅት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። ክረምቱ አቧራውን አጥቦታል፣ ደመናውም ከሰማዩ ጨርሶ አልጠፋም። በጥር ሰማዩ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ሰማይ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ግማሽ ወረቀት ማባከን ነው።

ካሜራው የሚሠራ ማንኛውም የ35 ሚሊሜትር ካሜራ ቢሆን ይበቃል። ፊልሙ 400 አይኤስኦ ይሁን (አይኤስኦ ፊልሙ ለብርሃን ያለውን ንቃት የሚለካ ቁጥር ነው)፤ ኢልፎርድ ኤችፒ5 ወይም ኮዳክ ትራይ ኤክስ ትንሽ የልኬት ስህተትን ይታገሣል። ከውጭ የሚያመጣልዎት ሰው ካለ በእጅ ሻንጣው ይያዘው፣ ፊልሙም በማሽን ሳይሆን በእጅ እንዲፈተሽለት ይጠይቅ። አዲሶቹ የአየር ማረፊያ የሲቲ መፈተሻ ማሽኖች ያልታጠበ ፊልም ያበላሻሉ።

ፊልሙን ጥላ ውስጥ ይጫኑ። ሲያሳልፉት የመጠቅለያው እጀታ አብሮ ካልዞረ ፊልሙ አልያዘም ማለት ነው።

ፀሐይ ስትወጣ ቦታው ላይ ይገኙ። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይዋ ቶሎ ሽቅብ ትወጣለች፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ የትልሙ ጥላ እያጠረ መሬቱ ጠፍጣፋ ይመስላል። ማሳ ከመርገጥዎ በፊት ባለቤቱን ያስፈቅዱ። በዚያ አካባቢ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን» (እንደምን አደሩ) ብሎ መጀመር ከማንኛውም ማብራሪያ ይሻላል።

ዋናው ፈተና ብርሃን መለካቱ ነው። የካሜራው መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ይጥራል። ነጭ ጋቢ የለበሱ አባት አዲስ በታረሰ ዋልካ ላይ ሲሄዱ ያስቡ። መለኪያውን ጋቢው ላይ ካነጣጠሩት ጋቢው አመድ ይመስላል፣ አፈሩም ይጠቁራል። አፈሩ ላይ ካነጣጠሩት ደግሞ ጋቢው ጥለቱ እስኪጠፋ ይነጣል። መፍትሔው መዳፍዎ ነው። መዳፍዎን ማሳው ላይ ወዳረፈው ብርሃን ያዙሩ፣ ካሜራውን ወደ መዳፉ አስጠግተው ይለኩ፣ ከተገኘው አንድ ስቶፕ ብርሃን ይጨምሩ፤ አንድ ስቶፕ መጨመር ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው። ለምሳሌ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 16 ካለዎት ኤፍ 11 ያድርጉት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። የሰው መዳፍ፣ ቆዳው የጠየመም ይሁን የቀላ፣ ከመካከለኛው ግራጫ አንድ ስቶፕ ያህል ይደምቃል። እጅዎ ላይ ጥላ ካረፈ ግን ልኬቱ ዋጋ የለውም። መለኪያው ከሞተም አይጨነቁ፤ በጠራ ፀሐይ 400 ፊልም በኤፍ 16 እና በሰከንድ 1/500 ይነሳል።

ፊልተር፣ ማለትም ሌንሱ ፊት የሚገጠም ባለ ቀለም መስታወት፣ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ቢጫው አንድ፣ ብርቱካናማው ሁለት፣ ቀዩ ሦስት ስቶፕ ብርሃን ይበላል። በሌንሱ በኩል የሚለካ ካሜራ ይህንን ራሱ ያካክሳል፤ ለብቻው በተያዘ መለኪያ ወይም በግምት ከሠሩ ግን ሂሳቡ የእርስዎ ነው። የአደይ አበባ ያለ ፊልተር ከሣሩ ጋር ተመሳሳይ ግራጫ ሆኖ ይሰወራል፤ በብርቱካናማ ፊልተር ግን አበባው ይነጣል፣ ሣሩና ሰማዩ ይጠቁራሉ። ጀማሪ ሁሉ ቀዩን ይወዳል፤ እኔ ቤት እንዲተውት እመክራለሁ። በዚህ ከፍታ ሰማያችን እንደዚያውም ጥልቅ ሰማያዊ ነው፣ በቀይ ፊልተር ሌሊት ይመስላል። ጥላ ውስጥ የሚገባው ብርሃን በአብዛኛው ከሰማዩ የሚመጣ ሰማያዊ ብርሃን ስለሆነ ቀዩ ጥላውንም ያጨልመዋል። የባሕር ዛፉ ሥር፣ የጎጆው በር፣ ሁሉም ዝርዝር አልባ ጥቁር ይሆናል።

ማተኮሩንና ማንሳቱን ያውቁታል። ፊልሙን ለሌላ ሰው ከመስጠት ይልቅ ቤት ውስጥ ማጠብ ይሻላል፤ ብርሃን የማያስገባ ጨለማ ከረጢት፣ ማጠቢያ ጣሳ፣ ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል)፣ ፊክሰር (ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) እና ቴርሞሜትር ያስፈልግዎታል። ፊልሙ ዴቨሎፐር ውስጥ የሚቆይበት የጊዜ ሰንጠረዥ ብዙ ጊዜ የሚሰላው በ20 ዲግሪ ሙቀት ነው፣ የቧንቧው ውኃ ደግሞ በማለዳ ከዚያ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ኬሚካሉን ሙቅ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው ያሙቁት። ከፊክሰሩ በኋላ በሚገባ ያለቅልቁት፣ ሲጨርሱ ፊልሙን አቧራ በሌለበት መታጠቢያ ክፍል ይስቀሉት፤ እስኪደርቅ ድረስ በጨርቅ አይንኩት።